አዲስ የትንንሽ የእሳት እራት ዝርያ እንዴት ይለያል፣ እንዴትስ ይገለጻል?

ማታ አምፖል ዙሪያ የሚርመሰመሱትን ጥቃቅን የእሳት እራቶች ጠጋ ብሎ የሚያያቸው ሰው ጥቂት ነው። ከመካከላቸው ክንፋቸው ተዘርግቶ ከጫፍ እስከ ጫፍ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ የሚሆኑ አሉ። እስካሁን ስም የወጣላቸው ቢራቢሮዎችና የእሳት እራቶች ባንድ ላይ ወደ 160 ሺህ ዝርያ ይጠጋሉ። ስም ሳይወጣላቸው የቀሩት ደግሞ በብዛት የሚገኙት ከእነዚህ ከጥቃቅኖቹ መሀል ነው። ስለዚህ አዲስ ዝርያ እጅዎ ቢገባ ብዙም አይገረሙ። ከባዱ ነገር አዲስ መሆኑን ማረጋገጥ ነው። ከዚህ በፊት ከወጡት ስሞች አንዱም የእርስዎን ናሙና እንደማይመለከት ማሳየት አለብዎት። ላብ የሚያስወጣው ይሄ ነው፤ እኔም ብዙ የምቆየው እሱ ላይ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አያያዝ

መጀመሪያ ወረቀቱን ይጨርሱ። ለመሰብሰብም ሆነ ናሙና ከአገር ለማውጣት ፈቃድ ያስፈልጋል። በ2014 ሥራ ላይ የዋለው የናጎያ ፕሮቶኮል ደግሞ የዘረመል ሀብት አጠቃቀምን ይመለከታል። ፈቃድ የሌለውን ናሙና ብዙ ሙዚየሞች አይቀበሉም፤ ብዙ ጆርናሎችም የፈቃድ ቁጥር ይጠይቃሉ።

የተለመደው ዘዴ ብርሃን ነው። ነጭ አንሶላ ወጥረው ፊት ለፊቱ አልትራቫዮሌት የሚሰጥ አምፖል ያንጠልጥሉ። ጨረቃ የሌለበት፣ ሞቅ ያለ፣ ነፋስ የማይነፍስበት ሌሊት ይምረጡ። ትንንሾቹን በመረብ ማሳደድ ትርፉ የክንፋቸውን ቅርፊት ማርገፍ ነው። አንሶላው ላይ እስኪያርፉ ይጠብቁና አንድ በአንድ በትንሽ ብልቃጥ ይክደኗቸው።

እኔን ከጠየቁኝ ግን ከአንሶላ ቅጠል ይሻላል። የብዙዎቹ ትንንሽ የእሳት እራቶች እጭ የሚኖረው በቅጠሉ የላይና የታች ቆዳ መሀል ነው። ውስጡን እየበላ ሲሄድ ከውጭ የሚታይ መስመር ወይም ነጣ ያለ ሰፊ ምልክት ይተዋል። ያንን ቅጠል ወደ ብርሃን አንስተው በማጉያ ይዩት። እንቁላሉ የተጣለው በየትኛው ገጽ ነው? መንገዱ እየሰፋ ሄዶ ያልቃል ወይስ ድንገት ይለጠጣል? ኩሱ መሀል ለመሀል በቀጭን መስመር ተደርድሯል ወይስ ሙሉውን ስፋት ይዟል? እነዚህ ብቻቸውን ሁለት ተመሳሳይ ዝርያዎችን ሊለዩ ይችላሉ። ቅጠሉን በክዳን ዕቃ፣ በትንሹ እርጥብ በሆነ የሶፍት ወረቀት ላይ ያቆዩት። እጩ አድጎ ፑፓ (ከእጭ ወደ አዋቂ የሚለወጥበት ደረጃ) ይሆናል፤ ከዚያ ክንፉ ያልተጎዳ፣ ምግብ ተክሉ የታወቀ አዋቂ ይወጣል። ከአንድ ተክል ወንድም ሴትም ከወጣ ደግሞ ዕድለኛ ነዎት። ሁለቱ ፆታዎች መልካቸው ሲለያይ የትኛዋ ሴት የየትኛው ወንድ እንደሆነች ማዛመድ ሌላ ራስ ምታት ነውና። አንድ ሁለት ቅጠል ተጭኖ ይድረቅ፤ ባዶው የፑፓ ቆዳም ይቀመጥ።

መዘርጋትና መለያ ወረቀት

ለመግደል ማቀዝቀዣው በቂ ነው። የአሞኒያ ትነት ግን አንድ ጥቅም አለው፤ ጡንቻውን አያገትረውም፣ ክንፉ ለመዘርጋት ይታዘዛል። ጉዳቱ አረንጓዴ ቀለም መለወጡ ነው። ትነቱ ለሰውም ስለማይበጅ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ይሥሩ።

ተራ ስፒል ለእነዚህ አይሆንም፤ ደረታቸውን ይበጣጥሰዋል። ጭንቅላት የሌላቸው፣ ውፍረታቸው ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊ ሜትር የሆኑ ቀጫጭን ስፒሎች አሉ። ስፒሉን ደረቱ መሀል ላይ፣ በማይክሮስኮፕ እያዩ ቀጥ አድርገው ይውጉ። ናሙናውን መሀሉ ቦይ ባለው ለስላሳ ፎም ላይ ያስቀምጡና ከኋላ በኩል እፍ ይበሉበት፤ ክንፎቹ ራሳቸው ከፈት ይላሉ። ከዚያ በቀጭን መርፌ የክንፉን ሥር ብቻ እየነኩ ወደፊት ያምጡት። መሀሉን ከነኩት ቅርፊቱ ይረግፋል። በቀጭን ወረቀት ይያዙትና አንድ ሁለት ሳምንት ይድረቅ። ሲደርቅ ስፒሉን በትንሽ ፎም ላይ፣ ፎሙን ደግሞ በትልቁ ስፒል ላይ ይሰኩት። ከአሁን በኋላ እጅዎ የሚነካው ትልቁን ስፒል ብቻ ነው።

መለያ ወረቀቱ ላይ አገር፣ አካባቢ፣ የጂፒኤስ ነጥብ፣ ከፍታ፣ ቀን፣ ዘዴ፣ የሰብሳቢው ስም ይጻፋል። በማሳደግ የተገኘ ከሆነ ተክሉና አዋቂው የወጣበት ቀን ይጨመራል። ወሩን በሮማ ቁጥር መጻፍ የቆየ ልማድ ነው፤ የትኛው ቀን፣ የትኛው ወር እንደሆነ አያምታታም። ወረቀት የሌለው ናሙና ምንም ያህል ቢያምር ለዚህ ሥራ አይጠቅምም።

ቤተሰቡን ማወቅ

ከማይክሮስኮፑ ሥር መጀመሪያ ራሱን ይዩ። የአንቴናው የመጀመሪያ ክፍል ሰፍቶ ዓይኑን እንደ ቆብ ከሸፈነው ኔፕቲኩሊዴ ወይም ከጥቂት ተመሳሳይ ቤተሰቦች አንዱ ነው። የራሱ ፀጉር የተንጨባረረ፣ እጩም ሱፍ ወይም ፈንገስ የሚበላ ከሆነ ወደ ቲኔይዴ ያስቡ፤ የልብስ ብል የዚህ ቤተሰብ ነው። አበባ የሚመጥበት ጥቅል ቱቦ ሥሩ በቅርፊት ከተሸፈነ፣ ከራሱ በታች ያሉት ፓልፖችም (አፉ አጠገብ ያሉ መዳሰሻዎች) እንደ ቀንድ ወደ ላይ ከታጠፉ፣ የጌሌኪዴ ዘመዶችን ይመልከቱ። የጌሌኪዴን የኋላ ክንፍ ጫፉ ሹል መሆኑና ከጫፉ ሥር ገባ ማለቱ ያሳውቀዋል። ሲያርፍ የደወል ቅርጽ የሚይዘው፣ ፓልፖቹን ወደፊት የሚዘረጋው ብዙውን ጊዜ ቶርትሪሲዴ ነው። ይህ ቤተሰብ ብቻውን ከ10 ሺህ በላይ ዝርያ አለው። ክንፉ እንደ ላባ የተከፋፈለ፣ አርፎ የላቲኑን ቲ (T) ፊደል የሚመስለውን ማንም አይስተውም፤ ቴሮፎሪዴ ነው።

ከዚያ ወደ ጂነስ፣ ማለትም በቤተሰቡ ሥር ተቀራራቢ ዝርያዎችን ወደያዘው ምድብ፣ ይወርዳሉ። እዚህ የክንፍ ሥሮች አወጣጥ ይረዳል፤ ዓይን ብቻውን ግን ከዚህ ብዙም አያልፍም። ቡናማው ከቡናማ፣ ግራጫው ከግራጫ ጋር ይመሳሰላል። ሆዱን መክፈት የግድ ነው።

ሆዱን መክፈት

ዝርያን ከዝርያ የሚለየው ዋናው ነገር የመራቢያ አካሉ ቅርጽ ነው። ክንፋቸው አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ዝርያዎች እዚህ ላይ ሲታዩ ፍጹም ሌላ ሊሆኑ ይችላሉ። ወረንጦና ብሩሽ ከማንሳትዎ በፊት ግን ሙሉውን ናሙና ከላይም ከታችም ፎቶ ያንሱ። ለዲኤንኤ የሚሆን አንድ እግርም አስቀድመው ነቅለው በንጹሕ ቱቦ ያስቀምጡ።

በወረንጦው ጫፍ ሆዱን ከታች ወደ ላይ በቀስታ ይግፉት፤ ደረቅ ከሆነ ቀጭ ብሎ ይለያል። 10 በመቶ የፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ውህድ ውስጥ ይጨምሩት። በሙቅ ውሃ ላይ ከተቀመጠ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃዋል። የማይቸኩል ሰው ሳያሞቀው ሌሊቱን ያሳድረዋል። ይህ ውህድ ቆዳም ዓይንም ያቃጥላልና ጓንትና መነጽር አይርሱ። ሲለሰልስ ወደ ውሃ ያዛውሩት።

አሁን በሁለት ቀጫጭን ብሩሾች ሥራ ይጀምራል። በአንዱ ይዘው በሌላው ቅርፊቱን ይጥረጉ። ውሃው በቅርፊት ስለሚሞላ ደጋግመው ይለውጡት። ቀጥሎ ሆዱን ከኋላ ወደፊት በስሱ ጫን ጫን ሲያደርጉት የሟሟው ስብና አንጀት በተቆረጠው በኩል ይወጣል። ቆዳው መስታወት ይመስላል፤ ጫፉ ላይ ያለው ጠንካራ ክፍል ግን ቡናማ ሆኖ ይለያል። የሚፈልጉት እሱን ነው። ካልታየዎት ክሎራዞል ብላክ ወይም ሌላ ማቅለሚያ ለአፍታ ያስነኩት። ስስ የሆኑት የሴቷ ክፍሎች ያለ ማቅለሚያ ብዙ ጊዜ ያመልጣሉ።

ወንድ ከሆነ የመራቢያውን ክፍል ከስምንተኛው የሆድ ቀለበት ይለያሉ። ስምንተኛው ቀለበት ላይ የፀጉር ጉንጉን ካለ ሳይጣል ይቀመጥ፤ ለመለየት ይጠቅማል። ከላይ ያለው መንጠቆ መሰል ክፍል ኡንኩስ ይባላል። ግራና ቀኝ የሚከፈቱት ቫልቫዎች ናቸው። መሀል ያለው ቱቦ ፋለስ ነው፤ ቀስ ብለው ወደፊት ስበው ያውጡትና ለብቻው ይቀመጥ። በውስጡ ኮርኑቲ የሚባሉ እሾሆች ይኖሩ ይሆናል። ቁጥራቸውንና ርዝመታቸውን ይመዝግቡ። ሴት ከሆነች ሰባተኛውን የሆድ ክፍል አብረው ይያዙ፤ መግቢያው ቀዳዳ እዚያ አካባቢ ነው። ከቀዳዳው ጀምሮ ቱቦው፣ ከቱቦው ጫፍ ከረጢቱ፣ በከረጢቱ ግድግዳ ላይ ደግሞ ሲግነም የሚባለው ጥርስ ያለበት ምልክት ይታያል።

ከመጫንዎ በፊት ፎቶ ያንሱ። የላይኛው መስታወት ሲጫነው ቅርጹ ይለወጣል። ሁለት ዝርያ ተብለው የተገለጹ ነገሮች የአንዱ ዝርያ የተለያየ አጫጫን ሆነው የተገኙበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ሁሉንም ናሙና በአንድ አኳኋን ያዘጋጁ። ቫልቫዎቹን ከፍተው፣ በሆዱ በኩል ወደ ላይ አድርገው፣ በንጹሕ አልኮል ውስጥ እንደዚያው ይዘው ያጠንክሩት። ከዚያ በስላይድ ላይ ዩፓራል በሚባል ማጣበቂያ ጠብታ ውስጥ ያስቀምጡና ይሸፍኑት። ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ሳምንታት ይቆይ። ስላይዱ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ከእሳት እራቱ ስፒል ሥርም ይሰቀል። ቁጥሩ ከጠፋ ስላይዱም ናሙናውም ዋጋ አጡ ማለት ነው።

እውነት አዲስ ነው?

ጉዱ ያለው እዚህ ነው። የእንስሳት ስም አወጣጥ ሕግ የሚቆጥረው ከጥር 1 ቀን 1758 ጀምሮ ያለውን ነው። ያኔ ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሊኔየስ ካወጣቸው ስሞች አንስቶ እስከ ዛሬ ያሉት ሁሉ የእርስዎን ናሙና ሊመለከቱ ይችላሉ። ቀድሞ የወጣ ስም ካለ የሚጸናው እሱ ነው።

የትንንሽ የእሳት እራቶችን ሥራ የሚሠራ ሰው ኤድዋርድ ሜይሪክን ማምለጥ አይችልም። ከ1854 እስከ 1938 የኖረ እንግሊዛዊ መምህር ነበር። ብቻውን ከ10 ሺህ በላይ ዝርያዎችን ገልጿል። ችግሩ ገለጻዎቹ አጫጭርና በብዛት ሥዕል የሌላቸው ናቸው፤ የመራቢያ አካልን ለመለያነት አልተጠቀመበትም። የሱን ጽሑፍ አንብቦ ብቻ «ይሄ የኔው ነው፣ ይሄ አይደለም» ማለት ከባድ ነው። ያቆያቸው ናሙናዎች ለንደን በተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ይገኛሉ። ከ1955 ጀምሮ ጌትስ ክላርክ የተባሉ ተመራማሪ የብዙዎቹን ናሙናዎች ፎቶ ከመራቢያ አካላቸው ጋር በተከታታይ ቅጽ ስላሳተሙ፣ መጀመሪያ እነዚያን ማገላበጥ ብዙ ጉዞ ያስቀራል።

ፍለጋው በአንድ ጂነስ ስም ብቻ እንዳይታጠር። የቲማቲም ተባይ የሆነችውን ቱታ አብሶሉታን ይመልከቱ። ሜይሪክ በ1917 ከፔሩ ሲገልጻት ፍቶሪሜያ በሚል ጂነስ ሥር ነበር ያስገባት። ከዚያ በኋላ ከአንዱ ጂነስ ወደ ሌላው ስትዘዋወር ኖረች። በ1994 ቱታ ውስጥ ገባች፤ በ2021 የወጣ ጥናት ደግሞ ወደ ፍቶሪሜያ መልሷታል። አንድ ስም ብቻ ይዞ የፈለገ ሰው ግማሹን ጽሑፍ አያገኘውም። ስለዚህ የጂነሱንም፣ የዘመድ ጂነሶቹንም ዝርያዎች በሙሉ ዘርዝረው ይጻፉ። የጎረቤት አገሮችንም ይጨምሩ፤ የእሳት እራት ድንበር አያውቅም። የተባይ ዝርያ ከሆነ ከሌላ አህጉር በዕቃ መጥቶም ሊሆን ይችላል። የቆዩ ጽሑፎችን በነፃ የሚያስነብበው የባዮዳይቨርሲቲ ሄሪቴጅ ላይብረሪ እዚህ ላይ ባለውለታ ነው።

ከዝርዝሩ ላይ አንድ በአንድ ይሰርዙ። ከእያንዳንዱ ስም ጎን ለምን እንደተሰረዘ ይጻፉ፤ «ቫልቫው አጭር»፣ «ሲግነም የለውም» እያሉ። በጽሑፍና በሥዕል ብቻ ሊሰረዙ ያልቻሉት ጥቂቶች ይቀራሉ። ለእነሱ ዝርያው መጀመሪያ የተገለጸበትን ዋናውን ናሙና ማየት ግድ ነው። ሙዚየሙን በትሕትና ጠይቀው ፎቶ ያስልኩ፣ ካልሆነም ይሂዱ። «ይመስለኛል» እዚህ ቦታ የለውም።

ዲኤንኤ ይህን ሥራ ያግዛል፤ አይተካውም። በ2003 ፖል ሄበርትና ባልደረቦቻቸው ያቀረቡት የዲኤንኤ ባርኮድ ሲኦዋን የሚባል ዘረመል ላይ ያለ 658 ፊደል ርዝመት ያለው ክፍል ነው። ከእግሩ ይወጣና ቦልድ ከሚባለው የመረጃ ቋት ጋር ይነጻጸራል። ብዙዎች 2 በመቶ ልዩነትን እንደ ማንቂያ ደወል ይይዙታል። ማንቂያ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። በአንድ ዝርያ ውስጥ ከዚያ በላይ ልዩነት ይታያል፤ ሁለት የተለያዩ ዝርያዎችም አንድ ባርኮድ ሊጋሩ ይችላሉ። ወልባኪያ የተባለው ባክቴሪያም ከእናት ወደ ልጅ እየተላለፈ ውጤቱን ያዛባል። በመራቢያ አካሉ፣ በባርኮዱና በምግብ ተክሉ በኩል የመጣው መልስ አንድ ሲሆን ነው በድፍረት የሚጻፈው።

አዲሱ ነገር ሙዚየም መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ሊሆንም ይችላል። በ2017 ቫዝሪክ ናዛሪ ኒዮፓልፓ ዶናልድትራምፒ ብለው የሰየሙት የካሊፎርኒያና የባሃ ካሊፎርኒያ የእሳት እራት የተለየው ከሙዚየም የተዋሷቸውን ናሙናዎች ሲመረምሩ ነው። ስሙ የወጣው በራሱ ላይ ባሉት ቢጫማ ቅርፊቶች ምክንያት ነው። ጋዜጦቹ ያወሩት ስለ ፀጉሩ ነበር፤ ከዘመዱ የለየው ግን የመራቢያ አካሉና ባርኮዱ ነው።

አንድ ናሙና ብቻ ካለዎትስ? ሕጉ አይከለክልም። እኔ ግን ልዩነቱ ዓይን ያወጣ ካልሆነ እጠብቃለሁ። አንድ ናሙና የዝርያውን ልዩነት ስፋት አያሳይም።

ገለጻውን መጻፍ

ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይጻፋሉ። አንደኛው መለያ ነው፤ አጭር፣ ከቅርብ ዘመዶቹ ጋር እያነጻጸረ የሚናገር። ሁለተኛው ሙሉ ገለጻ ነው፤ ከራስ እስከ ሆድ ጫፍ በቅደም ተከተል የሚሄድ።

«ትንሽ፣ ቡናማ፣ ነጠብጣብ ያለበት» ብሎ መለያ የለም፤ ይሄ ሺህ ዝርያ ይገልጻል። እንዲህ ቢሆን ይሻላል፦ «ከቅርብ ዘመዱ ወንዱ የሚለየው ቫልቫው ከኡንኩሱ በግልጽ በመርዘሙና ፋለሱ ውስጥ አንድ ትልቅ እሾህ በመኖሩ ነው፤ በዘመዱ ቫልቫው ከኡንኩሱ ያንሳል፣ እሾሁም የለም።» አንባቢው ማይክሮስኮፕ ከፍቶ አዎ ወይም አይደለም ማለት መቻል አለበት።

ቀለም ሲጽፉ በነጭ መብራት፣ ካልተራገፈ ናሙና ላይ ይሁን። ማጉያውን ከፍ ያድርጉና አንዷን ቅርፊት ይዩ። ከሩቅ ግራጫ የሚመስለው ክንፍ ብዙ ጊዜ ሥራቸው ነጭ፣ ጫፋቸው ጥቁር ቡናማ የሆኑ ቅርፊቶች ድርድር ነው። «ግራጫ» ብሎ ከማለፍ ያንን መጻፍ ይሻላል። የፊት ክንፉን ርዝመት ከሥሩ እስከ ጫፉ፣ ዘርፉን ጨምረው በሚሊ ሜትር ይለኩ፤ ስንት ናሙና እንደለኩም ይጻፉ። በየፎቶው ላይ የመጠን መስመር ይኑር።

ስሙና ሕጋዊው ነገር

የዝርያው ስም በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ ቃሉ ግን ከየትኛውም ቋንቋ ሊመጣ ይችላል። በአንድ ጂነስ ውስጥ ያው ስም ቀድሞ አለመኖሩን ያረጋግጡ። በሰው ስም ከሆነ ለወንድ ኢ፣ ለሴት ኤ የሚል መድረሻ ይጨመራል። በራስ ስም መሰየምን ሕጉ ባይከለክልም ነውር ነው። ሊኔየስ ቲኒያ ብሎ ለመደባቸው ጥቃቅኖች ስማቸውን በኤላ፣ ቶርትሪክስ ብሎ ለመደባቸው በአና ይጨርስ ነበር። ዛሬም ብዙዎች ይህን ይከተላሉ፤ ግዴታ ግን አይደለም።

ከ2000 ወዲህ በሥራ ላይ ባለው የሕጉ አራተኛ እትም ሦስት ነገር የግድ ነው። ስሙ አዲስ መሆኑ በግልጽ ይጻፍ። ስሙን የሚሸከመው ናሙና፣ በተለምዶ ሆሎታይፕ የሚባል አንድ ናሙና፣ ተለይቶ ይጠቀስ። የሚቀመጥበት ስብስብና ቦታውም ይገለጽ። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ስሙ እንደሌለ ይቆጠራል። ሆሎታይፕ ለማድረግ ከሁሉ የጸዳውንና ሙሉ የሆነውን ናሙና ይምረጡ፤ ብዙውን ጊዜ ወንዱ ይመረጣል። ሌሎቹ ፓራታይፕ ይባላሉ። ሆሎታይፑ ላይ ቀይ ወረቀት መስቀል ልማድ ነው።

በኤሌክትሮኒክ ብቻ የሚታተም ከሆነ በ2012 የወጣው ማሻሻያ ሥራው አስቀድሞ ዙባንክ በሚባለው የእንስሳት ስሞች የኢንተርኔት መዝገብ ላይ እንዲመዘገብ፣ ምዝገባውም በራሱ በሥራው ውስጥ እንዲጠቀስ ያዛል። ጆርናሉ ያደርገዋል ብለው አይተዉት፤ ራስዎ ያረጋግጡ። ስሙ ከመታተሙ በፊት በማኅበራዊ ሚዲያም ሆነ በስብሰባ ማጠቃለያ ላይ አያውጡት፤ ያለ ገለጻ የወጣ ስም በኋላ ጣጣ ያመጣል።

ሲታተም ሆሎታይፑን ቃል በገቡበት ሙዚየም ያስገቡ። ፓራታይፖቹን በአንድ ሕንፃ ከማከማቸት ለተለያዩ ሙዚየሞች ያከፋፍሉ፤ እሳትም ጎርፍም አለ። ቦልድ ላይ ባለው መዝገብ ስሙን ያስተካክሉ። የተዋሷቸውን ናሙናዎች ደግሞ የሠሯቸውን ስላይዶች ከነቁጥራቸው ጨምረው በቀነ ገደቡ ይመልሱ፤ የጽሑፉን ቅጂም አብረው ይላኩ።